«የመርሳት በሽታ» ስለተባለው ስያሜ

ለዲሜንሺያ «የመርሳት በሽታ» የሚለው አቻ ተለምዷል። «መጃጀት» ከሚለው ይሻላል፤ መጃጀት ሕመሙን የእርጅና ጠባይ አስመስሎ ሰውየውን ያዋርዳልና። ይሁን እንጂ ስያሜው ፅንሰ ሐሳቡን አያዳርስም። ዲሜንሺያ ማስታወስን ብቻ ሳይሆን ማመዛዘንን፣ ንግግርንና ዐይን ያየውን ለይቶ ማወቅንም ይነካል። ጥቁር ምንጣፍ ለታማሚው ጉድጓድ መስሎ ሊታየው ይችላል፤ ነጭ የመጸዳጃ መቀመጫም ከነጩ ግድግዳ ላይለይለት ይችላል። ይህ መርሳት አይደለም። ቤቱን እንዲያስተካክል የተመከረ ቤተሰብ ግን «መርሳት» የሚለውን ብቻ ከሰማ፣ በየበሩ ማስታወሻ ለጥፎ ምንጣፉን እንዳለ ይተወዋል።

ከዚህ የባሰው «ለመርሳት በሽታ ተስማሚ ማኅበረሰብ» የሚለው ሐረግ ነው። እንደ ሰዋስው ከሆነ የተመቸው ለበሽታው ነው! (ተርጓሚው ይህን እንዳላሰበ አንጠራጠርም።) ለምሳሌ በኔዘርላንድ፣ በዌስፕ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው የሆገዌይክ መንደር ነዋሪዎች 6 ወይም 7 እየሆኑ አንድ ቤት ይጋራሉ፤ ሱቅም ቡና ቤትም በመንደራቸው አላቸው። የተመቻቸው ለእነርሱ ነው። «ዲሜንሺያ ላለባቸው ሰዎች የተመቻቸ» ማለት ይረዝማል፤ ቢረዝምም እንመርጠዋለን። የውሰት ቃሉም፣ የተሟላ አቻ እስኪገኝለት፣ ከነማብራሪያው ይቆይ።