ሳቅ መድኃኒት ነውን?

አቶ በላቸው ግርማ እ.ኤ.አ. በ2008 ለ3 ሰዓት ከ6 ደቂቃ በመሳቅ ስማቸውን ካስጠሩ ወዲህ፣ ሳቅን ለጤና ማዋል ለአገራችን እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የሳቅ ዮጋን የጀመሩት ሕንዳዊው ሐኪም ማዳን ካታሪያ ሲሆኑ፣ ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. በ1995 በሙምባይ ነው። ተሳታፊዎች ቀልድ ሳይነገራቸው በቡድን እያጨበጨቡና በጥልቀት እየተነፈሱ ሆን ብለው ይስቃሉ።

ዘዴው ወጪ የለውም፤ ለፈተና የሚዘጋጁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በገላን ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ እንኳ ሊሞክሩት ይችላሉ። ውጥረትን ያረግባል የሚለው መደምደሚያ ግን ጥንቃቄን ይሻል። ሳቂው መሳቁን ስለሚያውቅ የሚጠብቀው ነገር ራሱ መልሱን ሊያዛባ ይችላል፤ ውጤቱ ከሳቁ ይሁን ከአተነፋፈሱ ወይም ከጓደኞች ጋር ከመሰባሰቡ መለየትም ያዳግታል። ስለሆነም ንጽጽሩ ምንም ካላደረጉት ጋር ብቻ ሳይሆን በቡድን የእግር ጉዞ ካደረጉትም ጋር ሊሆን ይገባል።

ቡአ ያለበት ወይም በቅርቡ የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሊታቀብ፣ አስም ያለበትም ሊጠነቀቅ ይገባል። ከሁሉ የሚከፋው ግን እንቅልፍ ያጣ፣ ተስፋ የቆረጠ፣ ሞትን የሚመኝ ተማሪ «ሳቅ» ተብሎ መሸኘቱ ነው። የጤና ባለሙያው አስቀድሞ ይጠይቀው፣ ያድምጠው፣ ወደ አእምሮ ሕክምናም ይምራው። የሳቁ ተራ ከዚያ በኋላ ነው።