ከችሎት እስከ ምርጫ ቦርድ

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ባሕር ዳርም እንደ ብዙዎቹ ከተሞች ድምፅ ስትሰጥ፣ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢዋ ብርቱካን ሚደቅሳ ለጋዜጠኞች ያልተለመደ ነገር ተናገሩ፦ በአማራና በደቡብ ክልሎች የተቃዋሚ ፓርቲዎች ታዛቢዎች ከምርጫ ጣቢያዎች እየተባረሩ ነው። የራስን ድግስ ጉድለት በእንግዳ ፊት መናገር ለማንም አይቀልም።

እኔ ግን ይበልጥ የማደንቅላቸው የቀድሞውን ሥራቸውን ነው። በ1994 ዓ.ም. የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳሉ፣ ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው፣ በሙስና የተከሰሱት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ፖሊስ ወዲያው መልሶ ያዛቸው። ትዕዛዙ ምን ፈየደ የሚል አይጠፋም። ተከሳሹ ማን ነው፣ ማንስ ይቆጣል ሳይሉ መዝገቡን ብቻ አይቶ መወሰን ግን ካባው የተሰፋበት ምክንያት ነው፤ ፖሊስ ያደረገው የፖሊስ ዕዳ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ይታወቃል፦ ተቃዋሚው ቅንጅት፣ የዕድሜ ልክ እስራት፣ ይቅርታ፣ የአንድነት ፓርቲ ሊቀመንበርነት፣ ዳግም እስራት፣ በ2003 መፈታት፣ አሜሪካና ሃርቫርድ።

በኅዳር 2011 ቦርዱን እንዲመሩ የሾማቸው ምክር ቤት፣ ያኔም ባሳሰራቸው በኢሕአዴግና በአጋሮቹ የተሞላ ነበር። ቂም ቢይዙ ማን ይፈርድባቸዋል? ተቀበሉ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በጤና ምክንያት በፈቃዳቸው ለቀቁ፤ ይህም በአገራችን ብዙ የማይታይ ነው።