ቡሬ ላም በዋልካ መሬት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ፎቶ አንሺ አብዛኛውን ጊዜ ካሜራውን ከቦርሳው የሚያወጣው ተራራው ሲጀምር ነው። ወረታ ላይ ምሳውን ይበላል፣ ወይም የደብረ ታቦሩ መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ መኪና ይጠብቃል፤ የፎገራን ሜዳ ግን በመስኮት አይቶት ያልፋል። ምክንያቱ ይገባኛል። ተራራ ለጥቁርና ነጭ ፎቶ የሚሆነውን ጥላ ራሱ ይሰጣል። ታዋቂው ፎቶ አንሺ ሴባስቲያኦ ሳልጋዶም እ.ኤ.አ. በ2008 ለ«ጀነሲስ» ሥራው ከላሊበላ እስከ ስሜን በእግሩ ሲጓዝ ያቋረጠው ገደልና ሸለቆ ነው። ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ጥላ የለም። ያም ሆኖ የጥቁርና ነጭ ፎቶን ሙያ ከፎገራ የተሻለ የሚያስተምር ቦታ አላውቅም፤ እዚህ መሬቱ ጥቁር፣ ውሃው ነጭ፣ ከብቱም ቡሬ ነውና።

አስቸጋሪው አረንጓዴው ነው። ነሐሴ ላይ ሩዙ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሲሸፍነው ዓይን አይጠግበውም፤ ቀለሙ ሲወጣለት ግን ሩዙም፣ ሣሩም፣ ከሩቅ የሚታየው ባሕር ዛፍም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። ዳማ ላም ሣር መሀል ብትቆም ትጠፋለች። ቀለማቸው ለዓይን የተራራቀ ቢሆንም የሚመልሱት ብርሃን ተቀራራቢ ነው። የፎገራ ከብት ደግሞ በአገሩ የሚታወቀው በጥቁርና ነጭ መልኩና በአጭር ቀንዱ ስለሆነ፣ መንጋ ሲመጣ ዓይኔ ቀድሞ የሚፈልገው ቡሬዋን ነው። እሷን ካገኘሁ የቀረው መንጋ በዙሪያዋ ቦታ ቦታውን ይይዛል።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ከጉና የሚወርዱት ርብና ጉማራ በክረምት ያጥለቀለቁት ሜዳ መድረቅ ሲጀምር፣ ውሃው በየጎድጓዳው ይቀራል፤ ሩዙ ይታጨድና ገለባው ይነጣል። አቧራው ገና አልተነሣም፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ቀይ ማጣሪያ ዋጋ የሚኖረው ያኔ ነው። ፎቶ አንሺው አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1927 ዮሰሚቲ ላይ ሃፍ ዶም የተባለውን ቋጥኝ ሲያነሣ ሰማዩን ያጠቆረው በዚሁ ማጣሪያ ነው። በክረምት ደመና ሥር ግን ማጣሪያው ብርሃን ከመቀነስ በቀር የሚረባው ነገር የለም።

ዋልካው ለብቻው ትዕግሥት ይፈልጋል። ካሜራ የሚለካውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ስለተሠራ፣ ጥቁሩን መሬት እንዲሁ ቢተዉለት አመድ አስመስሎ ያወጣዋል። ስለዚህ አንድ ስቶፕ ያህል እቀንሳለሁ፤ ከብቶቹን የሚከተሉት ነጫጭ ወፎችም ሳይቃጠሉ በዚያው ይተርፋሉ። አዲስ የታረሰ እርጥብ ዋልካን ጠጋ ብላችሁ እዩት፦ ማረሻው የላገው ጎን እንደ ብረት ያብለጨልጫል፣ የተሰበረው ጎን ደግሞ ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል። በአንድ ጓል ላይ ከጥቁር እስከ ነጭ ሁሉም አለ። ጠዋት ፀሐይዋ ዝቅ እንዳለች፣ ከጎን በኩል ማንሣት ነው።

ሸሸርና ወላላ በሚባሉት ረግረጎች የምትገኘው ባለ ዘውዷ ጥቁር ክሬን የባሰች ፈታኝ ናት። አካሏ ጥቁር፣ ክንፏ ላይ ነጭ አላት፤ ዘውዷ ግን የገለባ ቀለም ነው። የሚያበራ ውሃ ከኋላዋ ካለ አካሏ ቁልጭ ብሎ ይወጣል፣ ዘውዷ ግን ይጠፋል። ጠቆር ያለ መሬት ከኋላዋ ካደረግሁ ደግሞ ዘውዷ ይበራል፣ አካሏ ከመሬቱ ጋር ይቀላቀላል። እኔ ዘውዷን እመርጣለሁ። አካሏን ክንፏ ላይ ያለው ነጭ ያሳየዋል፤ ዘውዷን ግን ሌላ የሚያሳይልኝ የለም። ረግረጉ ውስጥ አትግቡባት፤ እንድትበር ማስነሣት ለፎቶውም ለወፏም አይበጅም።

በደርግ ዘመን የገባው ሩዝ ዛሬ የአካባቢው እንጀራ ሆኗል፤ የግጦሹን መሬት የያዘውም እሱ ነው። ረግረጎቹም ዳር ዳራቸው እየታረሰ ጠበዋል፣ የፎገራ ዝርያም ከሌላ ከብት ጋር እየተዳቀለ በገበሬው እጅ ቁጥሩ ቀንሷል። ስለዚህ ጥቁርና ነጩን የምወድ ሰው ሆኜም የምመክረው አንድ ነገር አለ፦ ራው ፋይሉን ከነቀለሙ አስቀምጡ፣ ቦታውንና ወሩን ጻፉበት። ለኅትመት ግራጫ አድርገን ያቀረብነው መንጋ ውስጥ ዳማው ስንት፣ ቡሬው ስንት እንደነበር አንድ የከብት ዝርያ ተመራማሪ ሊጠይቀን ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚመልስለት ባለ ቀለሙ ፋይል ብቻ ነው።