የኢዮብ ትዕግሥትና የኢዮብ ጩኸት

«የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ» የሚለው ቃል በሸዋ ምድር ኀዘን በገባበት ቤት ሁሉ የሚሰማ ነው። በደነባም ሆነ በእነዋሪ፣ በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር፣ ካህኑም ጎረቤቱም ከሩቅ የመጣው ለቅሶ ደራሽም ይህንኑ ይላል፤ ያዘነውም ሰው አንገቱን ደፍቶ አሜን ይላል። ቃሉ መልካም ነው። ዳሩ ግን ከሚናገሩት ሰዎች ብዙዎቹ መጽሐፈ ኢዮብን ከምዕራፍ 2 ወዲያ አልፈው አንብበውት እንደ ሆነ እጅግ ያጠራጥራል። ስሙ ይጠራል፤ መጽሐፉ ግን አይገለጥም። ከዚህም የተነሣ ኢዮብ በሕዝብ ዘንድ ገል ይዞ ቍስሉን እየፋቀ ዝም ያለ፣ ምንም ያልጠየቀ፣ አንድ ጊዜ አመስግኖ ከዚያ በኋላ አፉን የዘጋ ሰው ሆኖ ቀርቷል። ይህ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ቢፈለግ ከሁለት ምዕራፍ በላይ አይገኝም። መጽሐፉ ግን ምዕራፉ 42 ነው።

የመጽሐፉ መግቢያ በቍጥር የተሞላ ነው። በግ 7,000፣ ግመል 3,000፣ በሬ 500 ጥማድ፣ እንስት አህያ 500፤ ልጆቹም 7 ወንዶችና 3 ሴቶች። ከተማ ያደገ አንባቢ ይህን እንደ ጌጥ አይቶ ያልፈዋል። በደነባ ደጋ ያደገ ሰው ግን ሊያልፈው አይችልም። ያ አገር ክረምት ውኃ የሚተኛበት የጥቁር አፈር አገር ነው፤ ስንዴውም ጤፉም ምስሩም የሚወጣው በበሬ ጫንቃ ነው፤ ጥማድ የሚለውም ቃል በሬውንም በአንድ ቀን የሚታረሰውንም መሬት ይጠራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የመጣው የመጀመሪያው መልእክተኛ በሬዎቹ ሲያርሱ ተወሰዱ ብሎ በተናገረ ጊዜ፣ የዚህ አገር ሰው ኪሣራውን በገንዘብ አይቈጥረውም፤ የሚታየው ጾም ያደረ እርሻ ነው። ለአገሩም ነገሩ ተረት አይደለም። በ1880 ዓ.ም. የከብት እልቂት ከሰሜን ገብቶ እስከ ሸዋና ከዚያም ወዲያ በወረደ ጊዜ፣ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ሲቈይ፣ ሰው እህል ያጣው በሬ ስላጣ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ አንሥተው እየቈፈሩ ለሕዝቡ ምሳሌ መሆናቸው እስከ ዛሬ የሚነገር ነው። የኢዮብን የመጀመሪያ ምዕራፍ ከዚያ ዘመን ሽማግሌ ይልቅ የተረዳው ተርጓሚ በየትኛውም ጉባኤ ተገኝቶ አያውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን ጩኸት ነው። ኢዮብ በምዕራፍ 3 የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ወደ ፊትም ምዕራፍ በምዕራፍ እየተከተለ ይከራከራል፤ ከአምላኩ ጋር በፍርድ አደባባይ መቆም ይለምናል፤ የቀረበብኝ ክስ ይነገረኝ ይላል። እንደዚህ ያለውን ሰው ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 5 የትዕግሥት ምሳሌ አድርጎ መጥራቱ ከቶ አልተሳሳተም። በግሪኩ ያለው ቃል ዝምታ ማለት አይደለም፤ ከሸክም ሥር ሳይወጡ ጸንቶ መቈየት ማለት ነው። ሸክሙን የተሸከመ ሰው ቢያቃስት ሸክሙን ጣለ አይባልም። ኢዮብም ከክርክሩ አንዲቱን ቃል ስንኳ ለሌላ አምላክ አልተናገረም፤ የጮኸው ሁሉ ወደ አንዱ ነው። ትዕግሥቱም ያለው በዚሁ ላይ ነው እንጂ በዝምታው አይደለም።

ዝም ያሉትስ ወዳጆቹ ናቸው። ኤልፋዝና በልዳዶስ ሶፋርም መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ተቀመጡ፤ ከሥቃዩ ታላቅነት የተነሣ አንድ ቃል የተናገረው አልነበረም። እስከ ሰልስት ድረስ ከኀዘንተኛው ጋር መቀመጥን ለሚያውቅ አገር ይህ የመጽሐፉ ክፍል ትርጓሜ አያሻውም። የወዳጆቹም መልካም ሥራ ያ ሰባት ቀን ብቻ ነው። አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ የተናገሩት ሁሉ ለጆሮ ያማረ፣ ለአምላክ የተከራከረ፣ ግን ሐሰት ሆነ። በልዳዶስ በምዕራፍ 8 ልጆቹ የሞቱት በበደላቸው ነው እስከ ማለት ደረሰ። ይህንንም የተናገረው አሥር ልጆቹን በአንድ ቀን ለቀበረ አባት ነው።

ሌላም የተዘነጋ ቦታ አለ፤ ይኸውም የሚስቱ ቃል ነው። በ1954 ዓ.ም. በታተመው በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሴቲቱ የምትናገረው በጣም አጭር ነው፤ ክፉ ምክር ሰጥታ ትሄዳለች። ሰባው ሊቃናት በተረጐሙትና ግእዙ በተከተለው ንባብ ግን ቃሏ ረጅም ነው። እስከ መቼ ትታገሣለህ ብላ ትጠይቃለች፤ በከንቱ ያማጠቻቸውን ልጆች ታነሣለች፤ እርሱ በትል መካከል ሜዳ ላይ ሲያድር፣ እርስዋ ከቤት ወደ ቤት እየዞረች በሎሌነት እንደምትሠራና ለማረፍ የፀሐይን መግባት እንደምትጠብቅ ትነግረዋለች። ቤተ ክርስቲያን በ2000 ዓ.ም. ያሳተመችው መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ረጅም ቃል መልሶ ማምጣቱ የሚመሰገን ነው። ምክሯ ስሕተት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን አጭሩን ብቻ ያነበበ ሰባኪ እርስዋን የሰይጣን አፈ ጉባኤ አድርጎ ሲያልፋት፣ ረጅሙን ያነበበ ሰው በየደጁ እንጀራ ጋግራና ውኃ ቀድታ ባሏን የምታስታምም አንዲት ድሀ ሴት ያያል። ኢዮብ በአንድ ስፍራ ተቀምጦ ታገሠ፤ እርስዋ እየዞረች ታገሠች፤ ይህንንም ያነሣ ስብከት እምብዛም አይሰማም።

የቅኔ ሰዎችም ከወቀሳ አያመልጡም። ኢዮብ ለሰም የተመቸ ስም ነው፤ ቍስሉም ገሉም አመዱም ለኀዘንተኛው ወርቅ በቀላሉ ይገባሉ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ስላለው ከምስጋናው በቀር ሌላ ቢያጣ አይፈረድበትም። መወድስ ግን ስምንት ቤት አለው፤ በስምንት ቤት ውስጥ ቍስሉንና ገሉን ደጋግሞ ማዞር ስንፍና ነው። ክርክሩን፣ የወዳጆቹን ነገር፣ የሴቲቱን ጥያቄ ሳይነካ የኢዮብን ስም ሰም አድርጎ የሚዘርፍ ባለቅኔ፣ ከገበያ ሰንጋ ገዝቶ ቆዳውን ብቻ ይዞ እንደሚሄድ ሰው ነው። መጽሐፉ ለማንበብ ብዙ ድካም እንደሚጠይቅ የታወቀ ነው፤ የሮሙ ጎርጎርዮስ በ6ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ሲተረጕመው 35 ክፍል ያለው ሥራ ሆኖበታል። ቅኔ ቤት ግን ድካምን ሸሽቶ አያውቅም።

መጽሐፉን በጭንቅ ጊዜ እንዴት ሊጠቀሙበት እንደሚገባ ከቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይልቅ ያሳየ የለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ387 ዓ.ም. የአንጾኪያ ሕዝብ በአዲስ ግብር ተቈጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን የቴዎዶስዮስን ሐውልቶች ጣለ፤ ከዚያም ከተማይቱ ቅጣቷን እየጠበቀች ትንቀጠቀጥ ጀመር። ሊቀ ጳጳሱ ፍላብያኖስ ምሕረት ሊለምን ወደ ቍስጥንጥንያ በሄደበት በዚያ የዐቢይ ጾም ወራት፣ ዮሐንስ በየጊዜው እየሰበከ ኢዮብን ደጋግሞ ያነሣ ነበር፤ ሰዎች የኢዮብን አመድ ለማየት ብለው ከሩቅ ወደ ዐረብ ምድር እንደሚጓዙም በዚያው ተናግሯል። ሕዝቡን ሲያጽናና መከራው እንዳልደረሰ ወይም ቀላል እንደ ሆነ አድርጎ አልተናገረም። በፍርሃት ላይ ያለን ሰው ፍርሃትህ ከንቱ ነው አላለውም። ምሕረቱም በመጨረሻ ተገኘ።

ነገሩ የጥንት ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል መጻፍ ባላስፈለገ ነበር። በሰሜን ሸዋ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ፣ በዓመቱም ጦርነቱ ወደዚያው አውራጃ በቀረበ ጊዜ፣ ቤታቸውን የለቀቁ ሰዎች ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ሌላውም ከተማ ተሰደዋል። እንዲህ ላለ ሰው ይህ የደረሰብህ ስለ ኃጢአትህ ነው ብሎ መናገር የኢዮብን ሳይሆን የበልዳዶስን መጽሐፍ መስበክ ነው። በምዕራፍ 42 የእግዚአብሔር ቍጣ በማን ላይ እንደ ነደደ አንባቢ ልብ ብሎ ይመልከት፤ በሚጮኸው ላይ አይደለም፤ ስለ አምላክ ጠበቃ በሆኑት በኤልፋዝና በሁለቱ ባልንጀሮቹ ላይ ነው። ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ ይዘው ወደ ኢዮብ እንዲሄዱ፣ እርሱም እንዲጸልይላቸው ታዘዙ።

ሰላም የተባለውም ነገር በዚያ ቦታ ይገኛል። መጽሐፉ የኢዮብ ምርኮ የተመለሰበትን ጊዜ ሲናገር፣ ቍስሉ በዳነ ጊዜ ወይም ጥያቄው በተመለሰ ጊዜ አይልም፤ ጥያቄው እስከ መጨረሻ አልተመለሰለትም። በቃላቸው ላቈሰሉት ወዳጆቹ በጸለየ ጊዜ ነው የሚለው። ከትዕግሥቱ ሁሉ ይህ የከበደ ሳይሆን አይቀርም፤ ከሳቢያንንና ከእሳት የመጣውን መከራ ከመሸከም ይልቅ ከለቅሶ ደራሽ አፍ የወጣውን መርሳት ይከብዳልና።

ከዚያም ቍጥሩ ይመለሳል። በጉ 14,000፣ ግመሉ 6,000፣ በሬው 1,000 ጥማድ፣ አህያው 1,000፤ ሁሉም እጥፍ ሆኗል። ልጆቹ ግን እንደ ፊተኛው 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ናቸው እንጂ 14 እና 6 አልሆኑም። ከአበው መካከል ይህን ሲተረጕሙ፣ ከብቱ ጠፍቶ ነበርና ተቈጥሮ ተተካ፤ ልጆቹ ግን በእግዚአብሔር ዘንድ አሉና አልጠፉም፤ ስለዚህ የኋለኞቹ ከፊተኞቹ ጋር ሲቈጠሩ እጥፍ ሆኑ ያሉ አሉ። ሰባው ሊቃናትም በመጽሐፉ መጨረሻ ኢዮብ ጌታ ከሚያስነሣቸው ጋር ዳግመኛ እንደሚነሣ የሚናገር አንድ ቃል ጨምረዋል። ይህ ቃል በ1954ቱ እትም የለም፤ የዚያ መጨረሻ የኢዮብ መሸምገልና ሞቱ ነው።