ጂፕሲ ስለሚባለው የእንግሊዞች ቃል

ስም እንደ ልብስ ነው፤ ለባለቤቱ ሳይለካ የተሰፋ እንደ ኾነ ወይ ይጠበዋል ወይ ይሰፋዋል። እንግሊዞች «ጂፕሲ» የሚሉት ቃል እንዲህ ያለ ነው። ቃሉ ግብጻዊ ከሚለው ስም መነሻው ተጐርዶ የተገኘ ነው፤ ሕዝቡ ግን ቋንቋው እንደሚመሰክረው ከሕንድ የወጣ ነው። በ1530 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የወጣው የእንግሊዝ ሕግም ግብጻውያን እያለ ከአገር እንዲወጡ አዘዘባቸው።

ዛሬ ቃሉ ብዙ ፍች ተሸክሟል። በትልቁ ፊደል ሲጀመር የነገድ ስም ይኾናል፤ በትንሹ ሲጀመር ቦታ የማይወስነውን ተጓዥ ሁሉ ያጠቃልላል፤ ልብስ ሻጩም የቀሚስ ዓይነት ይጠራበታል። ንባቡ አንድ ኾኖ ምሥጢሩ መለያየቱ ለባለቅኔ ጌጥ ነው፤ ለዳኛ ግን ዕንቅፋት ነው። የ1968 ሕግ፥ ዘሩ ምንም ቢኾን በመዘዋወር የሚኖረውን ሁሉ ጂፕሲ አለው፤ በ1988 ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጂፕሲዎች ራሱን የቻለ ነገድ ናቸው ብሎ ፈረደ። በ2015 የወጣው የመንግሥት መመሪያ ግን የሰፈር ቦታ ለመፍቀድ ሲባል፥ በእርጅና ወይም በሕመም መጓዝን ፈጽሞ የተወውን ከትርጓሜው አወጣው። በ2022 ይኸው ፍርድ ቤት ነገሩን አድልዎ ነው አለ።

እንግዲህ ቃሉን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «ዘላን» ብሎ ቢያልፈው ያንኑ ስሕተት ይደግመዋል፤ የሽማግሌው እግር ቢያርፍ ነገዱ አይለወጥምና። በእንግሊዝ ብዙዎች ስሙን በክብር ይዘውታል፤ በሌላው አውሮፓ ብዙዎች ስድብ ነው ብለው ሮማ መባልን መርጠዋል። ስለዚህ ተርጓሚው አስቀድሞ የሚጠይቀው መዝገበ ቃላቱን ሳይኾን ባለስሙን ነው።