የጦርነት ምንጭ፤ የሰው ጠባይ ወይስ የመንግሥት ግምጃ ቤት?

ጦርነት ከወዴት ይመጣል የሚለው ጥያቄ የሰውን ልማድና ኑሮ የሚመረምሩትን ሊቃውንት ብዙ ዘመን ሲያከራክር የኖረ ነው። አንደኛው ወገን ጦርነት ከሰው ጠባይ የተወለደ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሰው በጠባዩ ጦረኛ አይደለም፤ የሚያዋጋው ወታደር የሚቀጥርና መሣሪያ የሚገዛ የመንግሥት ገንዘብ ነው ይላል። ይህ ክርክር ለቃላት ጨዋታ የሚደረግ አይደለም። የመጀመሪያው ሐሳብ እውነት ከሆነ ለሰላም የሚደከመው ድካም ሁሉ ጎርፍን በእጅ እንደ መገደብ ነው፤ ሁለተኛው እውነት ከሆነ ግን ግምጃ ቤቱን መቈለፍ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ የሁለቱም ማስረጃ መመርመር ይገባዋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የጠባይ ወገኖች አዘውትረው የሚጠቅሱት በቬኔዙዌላና በብራዚል ወሰን ባለው ደን የሚኖረውን የያኖማሚን ሕዝብ ነው። አሜሪካዊው ናፖሊዮን ሻኞን በ1964 ጥናቱን ጀምሮ በ1968 ባወጣው መጽሐፍ ይህን ሕዝብ «ኃይለኛው ሕዝብ» ብሎ ሰየመው። በ1988 ደግሞ በ«ሳይንስ» መጽሔት ባሳተመው ጽሑፍ፣ ዕድሜያቸው 25 ዓመት ከሞላና ከዚያ በላይ ከሆነ ወንዶች መካከል 44 በመቶ ያህሉ በሰው ግድያ የተካፈሉ መሆናቸውን፣ እነዚህም ካልገደሉት ይልቅ ብዙ ሚስትና ብዙ ልጅ ያላቸው መሆናቸውን ገለጸ። ከዚህም የተነሣ ብዙ አንባቢዎች ተፈጥሮ ገዳይን ትሸልማለች ብለው ደመደሙ።

ሻኞን በመስክ ያሳለፈው ረዥም ጊዜና የሰበሰበው የትውልድ ሐረግ የሚናቅ ሥራ አይደለም። ነገር ግን የቈጠረው በሕይወት ያገኛቸውን ገዳዮች ነው፤ ገድለው በበቀል የተገደሉት ስንት ልጅ ሳይወልዱ እንደ ቀሩ ቈጠራው አያሳይም። ከዚህ የሚበልጠው ግን ሻኞን ራሱ የመዘገበው ልማድ ነው። ያኖማሚ ሰው የገደለ እንደ ሆነ ከሰው ተለይቶ የመንጻት ሥርዓት ይፈጽማል፤ «ኡኖካይ» የሚባለውም ይህን ሥርዓት የፈጸመው ሰው ነው። መግደል እንደ መብላትና እንደ መጠጣት ያለ የጠባይ ሥራ ቢሆን ኖሮ መንጻት ለምን ባስፈለገው ነበር?

ለዚህ ወገን ጠንካራ መልስ የሰጠው ብራያን ፈርጉሰን ነው። እርሱ በ1995 ባሳተመው የያኖማሚ ጦርነት ታሪክ እንዳስረዳው፣ ጦርነቱ የሚጋጋለው ምሳርና ገጀራን የመሰለ የብረት ዕቃ ከውጭ ሰዎች በሚገባበት ጊዜና ቦታ ነው። ከሚሲዮን ወይም ከሌላ ዕቃ ሰጪ አጠገብ የሰፈረው መንደር ብረቱን ሲይዝ የራቀው ይጐድልበታል፤ ከዚያም ጠብ ይነሣል። ይህ ማስረጃ ጦርነቱ ለምን በዚህ ዘመን በረታ፣ በዚያኛው ደግሞ ለምን ቀዘቀዘ የሚለውን በደንብ ይገልጻል። የማይገልጸው ግን ብረትን በንግድ፣ በጋብቻና በግብዣ ማግኘት ሲቻል አንዳንዱ መንደር ጦርን ለምን እንደ መረጠ ነው። ደግሞም በቱርካና ሐይቅ ምዕራብ በናታሩክ ተገኝቶ በ2016 የታተመው ጥናት፣ ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ 27 ሰዎችን ዐፅም መዝግቦ፣ አካላቸው ባልተበታተነው በ12ቱ ላይ ባደረገው ምርመራ 10ሩ በኃይል እንደ ሞቱ ፈርዷል። በፍርዱ ያልተስማሙ ሊቃውንት አሉ፤ ነገሩ እንደ ተባለው ከሆነ ግን በዚያ ዘመን መንግሥትም ግምጃ ቤትም አልነበረም።

የመንግሥትን ገንዘብ ነገር ለመመርመር ግን የኢትዮጵያ ታሪክ ጥሩ መፈተኛ ነው። በ1868 መቅደላ ላይ ባለ ግምጃ ቤት የሆነ ሠራዊትና ግምጃ ቤት ያጣ ሠራዊት ተገናኝተዋልና። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1867 መጨረሻ ለዘመቻው 2 ሚሊዮን ፓውንድ ፈቀደ፤ በመጨረሻ ግን ወጪው ወደ 9 ሚሊዮን ተጠጋ። የጄኔራል ናፒየር ሠራዊት እህሉንና የጭነት ከብቱን በማርያ ቴሬዛ ብር ከባላገሩ እየገዛ ተጓዘ፤ ያለዚህ ገንዘብ መቅደላ ሊደርስ ባልቻለም ነበር። በሌላው በኩል ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ከነገሡ በኋላ ወታደሩ ደመወዝ እያገኘ ባላገሩን ከመዝረፍ እንዲታቀብ ሞክረው ነበር። ገንዘቡ ግን አልተገኘም። ወታደሩ መብላት ነበረበትና ዘረፋው ተመለሰ፤ በ1866 ጎንደር እንኳ ተዘረፈች። የተዘረፈው አገር ይሸፍታል፤ ለሸፈተው አገር ደግሞ አዲስ ዘመቻ ያስፈልጋል። ዐፄ ምኒልክ በ1892 ለወታደር ቀለብ የእህል ዐሥራት የደነገጉት ወታደር በባላገር ቤት እየሰፈረ የሚያደርሰውን በደል ለማስቀረት ነበር።

ስለዚህ ገንዘብ ብቻ ያዋጋል የሚለው ነገር ግማሽ እውነት ነው። መቅደላ ላይ የገንዘብ ብዛት ጦር አዘመተ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የገንዘብ ማጣት ጦርነትን አራዘመ። ሊጠየቅ የሚገባው መንግሥት ገንዘብ አለውን ተብሎ ሳይሆን ወታደሩ የሚበላው ከማን እጅ ነው ተብሎ ነው።

መንግሥት በሌለው ሕዝብ ዘንድም ያው ጥያቄ ይነሣል። በኦሞ ሸለቆ የሙርሲን ሕዝብ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያጠናው ዴቪድ ተርተን፣ ጦርነት አስቀድሞ የቆሙ ጎሣዎችን የሚያጋጭ ብቻ ሳይሆን ጎሣው ራሱን እንደ አንድ ሕዝብ የሚለይበት ልማድ መሆኑን አስተምሯል። ይህ ልማድ አሮጌ ነው። በ1987 ግን ኛንጋቶም በክላሺንኮቭ ጠመንጃ ወግተው በጥቂት ጊዜ ብዙ መቶ ሙርሲዎችን ገደሉ። ጠላትነቱ የቀድሞ ነው፤ አዲሱ ነገር በሱዳን ጦርነት በኩል ወደዚያ የደረሰው መሣሪያ ነው። ከመንግሥታት መጋዘን የወጣው ጠመንጃ፣ የመንግሥታቱን ጠብ በማያውቁ ከብት አርቢዎች ላይ ተተኰሰ።

ማርጋሬት ሚድ በ1940 ጦርነት የሰው ብልሃት የፈጠረው ነገር እንጂ የተፈጥሮ ግዴታ አይደለም ስትል ከሁሉ ይልቅ ወደ እውነቱ ቀርባለች። በዚህ ላይ መጨመር የሚገባው፣ ይህ ብልሃት ያለ ስንቅና ያለ መሣሪያ እንደማይሠራ ነው። ጠባይ ለሰው ቍጣን ይሰጠዋል፤ ልማድ ጠላቱን ያመለክተዋል፤ የሟቾቹን ቍጥር የሚወስነው ግን ስንቁና መሣሪያው ነው። ጥፋቱን ሁሉ በጠባይ የሚያሳብብ ሊቅ፣ መጋዘኑን የከፈተውን ሰው ከፍርድ ነጻ ያወጣል። ሁሉን በገንዘብ የሚያሳብብ ደግሞ በቀልን የሚያወድሱትንና ዕርቅን ማዘዝ የሚችሉትን ሽማግሌዎች ይዘነጋል። ወደ መስክ የሚወጣ ተመራማሪ የገዳዮችን ቍጥር ሲጽፍ፣ ጥይቱን ማን እንደ ሰጠ፣ ዘማቹን ማን እንደ መገበ፣ ዕርቁንም ማን ለማውረድ ሥልጣን እንዳለው አብሮ ይጻፍ። ይህ ሳይጻፍ የቀረበ መዝገብ ሙታንን ይቈጥር ይሆናል እንጂ የሞታቸውን ምክንያት አይነግርም።