ጭራቅ፣ ፍጡርና ነፍስ ማወቅ፤ በአቻ ቃል አመራረጥ ላይ የቀረበ ሒሳዊ አስተያየት

የልጅነት የዋህነት በአስፈሪ ፍጥረት ታሪክ የሚፈተንባቸውን የውጭ አገር ድርሰቶችና ፊልሞች ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ ከመነሻው ሁለት ችግሮች ይገጥሙታል። አንደኛው የአስፈሪው ፍጥረት መጠሪያ ነው፤ ሁለተኛው በሕፃኑ ላይ የሚደርሰው ለውጥ መጠሪያ ነው። ለመጀመሪያው «ጭራቅ»፣ ለሁለተኛው «የየዋህነት መጥፋት» ብሎ ማለፍ ይቻላል። የዚህ ሐተታ ዓላማ ግን ሁለቱም አቻዎች የታሪኩን ፍሬ ነገር እንደሚያሳጡ ማሳየት ነው። ለማስረጃነት የተመረጠው ስፔናዊው የፊልም አዘጋጅ ቪክቶር ኤሪሴ እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረበው «የቀፎው መንፈስ» ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከ1936 እስከ 1939 የተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ በ1940 ገደማ፣ በካስቲልያ በምትገኝ አንዲት የገጠር መንደር ነው። ተዘዋዋሪ ሲኒማ ጄምስ ዌል በ1931 የሠራውን «ፍራንከንስታይን» ይዞ ይመጣል። ትንሿ አና ከእኅቷ ከኢሳቤል ጋር ፊልሙን ታያለች። በሸራው ላይ አንዲት ሕፃን ከአስፈሪው ፍጡር ጋር በሐይቅ ዳር በአበባ ስትጫወት ትታያለች፤ ኋላ የሚታየው አባቷ ሬሳዋን ታቅፎ ሲሄድ ነው። በመካከሉ የሆነው አልታየም። አና እኅቷን የምትጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ ሕፃኒቱን ለምን ገደላት? እሱንስ ለምን ገደሉት?

ይህን ጥያቄ «ጭራቁ ልጅቷን ለምን ገደላት?» ብለን ብናስቀምጠው ጥያቄው እዚያው ይሞታል። በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ጭራቅ ሰው የሚበላ ነውና፤ ሰው መብላቱ በቃሉ ፍች ውስጥ ያለ ነገር እንጂ ከቃሉ ውጭ የሚሰማ ወሬ አይደለም። «ጭራቅ መጣልህ» የተባለ ሕፃን ልቅሶውን የሚያቆመው፣ ለምን እንደሚበላው መጠየቅ ስለማያሻው ነው። የአውሮፓውያኑ ቃል ምንጭ የሆነው የላቲኑ «ሞንስትሩም» ግን «አስጠነቀቀ» ከሚለው ግሥ ጋር የተዛመደ ሲሆን፣ ከተለመደው ፍጥረት የወጣ፣ ለማስጠንቀቂያ የታየ ምልክት ማለት ነበር። እንግዲህ ያኛው በእንግድነቱ ተሰየመ፤ ጭራቅ ግን በሥራው ይታወቃል።

ሜሪ ሼሊ እ.ኤ.አ. በ1818 ያሳተመችው ልቦለድ ይህን ልዩነት ያጎላዋል። በዚያ ድርሰት ፍጡሩ ስም የለውም። ተደብቆ የአንድ ቤተሰብን ንግግር በማዳመጥ ቋንቋ ይማራል፤ ዐይነ ስውሩ ሽማግሌ በደግነት ያነጋግረዋል፤ ዐይናማው ልጅ ግን ገና ሲያየው በዱላ ደብድቦ ያባርረዋል። የሰው ሕይወት የሚያጠፋው ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ ጭራቅነቱ የታሪኩ ውጤት እንጂ መነሻ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ጭራቅ ያለው ተርጓሚ ፍርዱን ከምስክሩ አስቀድሟል ማለት ነው። «አውሬ»ም አይበጅም፤ ከግዕዙ «አርዌ» የወረደው ይህ ቃል የማሰብንና የመናገርን ችሎታ ይነፍገዋል። በእኔ አስተያየት ለተራኪው ድምፅ የሚስማማው «ፍጡር» ነው፤ ከ«ፈጠረ» የወጣ በመሆኑ ፈጣሪውንም አብሮ ያስጠይቃል። «ጭራቅ» በሚሰድቡትና በሚያሳድዱት ሰዎች አፍ ይቀመጥ። «ፍጡር» እጅግ ሰፊ ነው፣ ሁላችንም ፍጡራን ነን የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። አና ለዚያ ፍጡር የሰጠችው ቦታ ግን ይኸው የሁላችንም ቦታ ነው።

የራሳችን ተረትም ቢሆን ሕፃኑን ሁልጊዜ በጭራቅ አያስፈራራም። ጅብን «አያ ጅቦ» ሲል ለታላቅ ወንድም በሚሰጠው መጠሪያ ይጠራዋል፤ ያነጋግረዋል፣ ይከራከረዋል። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚለው ተረትና ምሳሌ የሚነክሰው በመብላቱ ላይ ሳይሆን በማመካኘቱ ላይ ነው። ጅብ እንደሚበላ ሕፃኑ ድሮም ያውቃል፤ ከዚህ የሚማረው የሚበላ ሁሉ ሰበብ እንደሚፈልግ ነው።

ወደ አና እንመለስ። ኢሳቤል የፊልም ነገር ሁሉ ውሸት መሆኑን ነግራት፣ ፍጡሩ ግን መንፈስ ነው፣ ወዳጁ ከሆንሽ ስምሽን ነግረሽ ትጠሪዋለሽ ትላታለች። ከዚያም አና በአንድ ባዶ ቤት የተሸሸገ ኮብላይ ታገኛለች፤ ምግብና የአባቷን ካፖርት ትወስድለታለች። ሌሊት ሰውየው በጥይት ይገደላል። አና ስትመለስ የምታገኘው ደም ብቻ ነው። በሸራው ላይ መካከሉ እንደ ጎደለ ሁሉ በኑሮዋም መካከሉ ጎደለ፤ ግን በዚህ ጊዜ ገዳዮቹን ጭራቅ የሚል ሰው የለም። ሕፃኒቱን የሚያቆስላት የአስፈሪው ፍጡር መኖር አይደለም፤ ስሙ ለማን እንደሚሰጥና ለማን እንደሚነፈግ ማየቷ ነው።

ይህን ለውጥ «የየዋህነት መጥፋት» ማለት የውጭውን ሐረግ ቃል በቃል መገልበጥ ነው። አማርኛ «ነፍስ ያላወቀ ሕፃን»፣ «ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ» ይላል፤ ጉድለትን ሳይሆን ግኝትን ይናገራል። «ነፍስ»ና «መንፈስ» ከአንድ ሥር የወጡ በመሆናቸውም ከፊልሙ ርእስ ጋር ስፔንኛው የማያገኘውን ዝምድና ያገኛል። ይሁን እንጂ «ነፍስ ማወቅ» በዕድሜ ቀስ ብሎ የሚመጣን፣ ቁስል የሌለበትን ነገር ያመለክታል፤ የአና ግን የጥቂት ቀናት ድንጋጤ ነበር። ስለዚህ «ያለ ዕድሜ ነፍስ ማወቅ» የሚለውን ሐረግ ለውይይት አቀርባለሁ። በስተመጨረሻ ሐኪሙ ልጅቷ ቀስ በቀስ እንደምትረሳ ይናገራል፤ እሷ ግን ሌሊት ወደ መስኮቱ ሄዳ ስሟን በመናገር ያንኑ መንፈስ ትጠራለች። ከእንዲህ ዓይነት ፍጻሜ በኋላ «መጥፋት» የሚለው ቃል ትክክል መሆኑን እጠራጠራለሁ።

የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችም «ጭራቅ»ን በሚፈቱበት ጊዜ የተረቱን ፍችና ለጨካኝ ሰው የሚሰጠውን ዘይቤያዊ ፍች ለይተው በቍጥር ቢያስቀምጡ፣ ከሁለተኛውም ጎን ቃሉ የተናጋሪውን ፍርድ እንደሚያዝል ቢያመለክቱ፣ ተርጓሚው በማን አፍ እንደሚያኖረው ለመወሰን ይረዳዋል።